«ሜታፈር ማለት ሰምና ወርቅ ነው?»

ጥያቄ፦ የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። 10ኛ ክፍል የምትማር ልጄ ለእንግሊዝኛ ፈተና እያጠናች «ሜታፈር ምንድን ነው?» አለችኝ። «የኛው ሰምና ወርቅ ነዋ!» አልኳት። መምህሯ ስህተት ነው አሏት። ማናችን ነን ልክ? በዚያው ላይ፣ «ጭቃው ጫማዬን አልለቅ አለኝ» ሰውኛ ዘይቤ ይባላል?

መልስ፦ ግማሹን አግኝተውታል። ፈተናው ላይ ግን የመምህሯን ይዛ ትግባ።

ሜታፈር በትምህርት ቤት አማርኛ ተለዋጭ ዘይቤ ነው። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው «ሰልፉ እንደ ዘንዶ ተጠማዟል» ካሉ ሲሚሊ ነው፣ ተነጻጻሪ ዘይቤ የምንለው። «ይሄ ዘንዶ ዛሬም ሊውጠን ነው» ካሉ ግን ተለዋጭ፤ «እንደ» ሳይሉ ሰልፉን ራሱን ዘንዶ አደረጉት። ብቻ «እንደ» ባየች ቁጥር ሲሚሊ ብላ እንዳታከብ፤ «እንደነገርኩሽ» ውስጥ ምንም ንጽጽር የለም፣ የእንግሊዝኛው «ላይክ»ም አንዳንዴ መውደድ ብቻ ነው።

ጣጣው ያለው ሰምና ወርቅ ላይ ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ሁለት ቦታ ሁለት ነገር ነው። ብዙዎቻችን ሰምና ወርቅ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው (አሁን የገጠምኳት ናት፣ ብዙ አይፍረዱባት)፦

ሰው አላምንም ብዬ ወንዝ ዳር ብሰፍር፣
አባይ አገኘሁ ከፊቴ ሲዞር።

«አባይ» ወንዙም ነው፣ ውሸታሙም ነው። ቃሉ ኅብረ ቃል ይባላል፤ እንግሊዝኛ ውስጥ የሚቀርበው «ፐን» ለሚሉት፣ በአንድ ቃል ሁለት ትርጉም ለሚጫወቱበት እንጂ ለሜታፈር አይደለም። መምህሯ ይሄን አስበው ከሆነ ልክ ናቸው።

ቅኔ ቤት ሲገቡ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የአባይዋ ዓይነት ኅብር ነው የምትባለው፤ ሰምና ወርቅ ሲሉ ምሳሌውና የሚመሰልለት ነገር ጎን ለጎን ቆመው አንድ ግስ ሲጋሩ ነው። «ፀሐይ ክርስቶስ ወጣ» ቢባል ፀሐይ ሰሙ፣ ክርስቶስ ወርቁ፣ «ወጣ» ለሁለቱም ይሠራል። ይሄ ደግሞ ከሜታፈር ጋር ዘመድ ነው! እንግሊዛዊው የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ አይ. ኤ. ሪቻርድስ በ1936 እ.ኤ.አ. ሜታፈርን «ቪሂክል» (ምሳሌው) እና «ቴነር» (የሚመሰልለት) ብሎ ለሁለት ሲከፍለው የኛ የቅኔ መምህራን ያንን አከፋፈል ከወርቅ አንጥረኛ ቤት ወስደው ሰምና ወርቅ ካሉት ብዙ ዘመን አልፎ ነበር። ስለዚህ እርስዎ የመለሱት የቅኔ ቤቱን ነው፣ ልጅቷ የምትፈተነው ግን ሌላ ቤት ነው።

ጭቃው? እኔም እዚያው አካባቢ ስለምኖር አውቀዋለሁ። «አልለቅ አለኝ» ተራ ሰዋስው ነው እንጂ ሰውኛ አይደለም። መኪናው አልነሳም አለ፣ በሩ አልከፈት አለ እንላለን፤ ግን መኪናው ሲያወራ የሰማ የለም። ልጅቷ «አለ»ን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ካሻገረችው መምህሯን ታስቃለች። «ጭቃው እስከ ታክሲው ድረስ ሸኘኝ» ካለች ግን ጭቃውን እንደ ሰው አድርጋዋለችና እሱ ሰውኛ ነው፣ ሙሉ ነጥብ ይገባታል።