የአባት ቤት ክፍል በክፍል ሲታደስ፦ ፈቃዱ የማን ነው? ገንዘቡስ ይመለሳል?

ጥያቄ፦ አባታችን በ2012 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ ከእናቴ ጋር ጉለሌ ባለው ቤታችን እኖራለሁ። ቤቱ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ስድስት ክፍል ያለው፣ ወላጆቼ ከተጋቡ በኋላ ያቆሙት ነው። ካርታው እስካሁን በአባቴ ስም ነው። አራት ልጆች ነን። ጣሪያው ያፈሳል፣ የአቡጀዲው ኮርኒስ ተንጠልጥሏል። ክፍል በክፍል ላድሰው አስቤአለሁ፦ መጀመሪያ ጣሪያና ኮርኒስ፣ ቀጥሎ ማድቤትና መታጠቢያ፣ ከዚያ የሳሎኑን ግድግዳ አፍርሼ ከጎኑ ካለው መኝታ ቤት ጋር ማቀላቀል፣ በመጨረሻ መንገድ ዳር ያለውን ክፍል ሱቅ ማድረግ። እናቴ ትደግፈኛለች። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ በስልክ «እንዳልሽ» ብላለች። አንዱ ወንድሜ «ይሸጥና እንካፈል፣ አንድ ሚስማር እንዳትመቺ» ይላል፤ ሌላው ዝም ብሏል። ሊያስቆመኝ ይችላል? የማወጣው ገንዘብስ ይመለስልኛል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ወንድምዎ የሚያፈስ ጣሪያ እንዳይጠገን የሚያቀርበው ክርክር ደካማ ነው። ሱቁን ግን ብቻውን ሊያስቆመው ይችላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባሉት ሥራዎች ላይ ማን እንደሚረታ የሚወስነው መዶሻ ከመነሳቱ በፊት የሚይዙት ወረቀት ነው።

መጀመሪያ ቤቱ የማን እንደሆነ እንለይ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ስለሆነ ካርታው በአባትዎ ስም መሆኑ የእሳቸው ብቻ አያደርገውም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 63 መሠረት በአንዱ ተጋቢ ስም የተመዘገበ ንብረትም ቢሆን የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ ግማሹ ከጥንቱም የእናትዎ ነው፤ ወደ ውርስ የገባው የአባትዎ ግማሽ ብቻ ነው። ኑዛዜ ከሌለ ያ ግማሽ በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 842 መሠረት ለልጆች እኩል ይከፈላል። አራት ናችሁና እያንዳንዳችሁ ከመላው ቤት አንድ ስምንተኛ ይደርሳችኋል ማለት ነው። አባትዎ ከሌላ የወለዱት ልጅ ካለ እኩል ይወርሳል፤ ስሌቱም ይለወጣል። ይህ ጉዳይ እድሳቱ ካለቀ በኋላ ሲነሳ ቤተሰብ ይፈርሳል፤ እናትዎን አሁን በአክብሮት ይጠይቋቸው።

እርስዎና እናትዎ አንድ ላይ አምስት ስምንተኛ ይዛችኋል። እህትዎ ስትጨመር ስድስት ስምንተኛ ይሆናል። ይህ ብልጫ ሁሉን ነገር ያስወስናል ብለው ግን አይመኑ። የጋራ ሀብትን የሚገዙት የዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1257 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ናቸው (ከዚህ በታች ያለ ሕግ ስም የምጠቅሳቸው አንቀጾችም የዚሁ ሕግ ናቸው)፤ ከእነሱም አንቀጽ 1266 የጋራውን ነገር ለማስተላለፍ ወይም የተመደበበትን አገልግሎት ለመለወጥ የሁሉም ባለድርሻዎች ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። መኖሪያ ክፍልን ሱቅ ማድረግ አገልግሎት መለወጥ ነው። አንድ ስምንተኛ ያለው ወንድምዎ «አልስማማም» ካለ ሱቁ ይቆማል።

ይህን ሁሉ የሚያስጀምረው የወራሽነት ማረጋገጫ ነው (አንቀጽ 996)። በአዲስ አበባ ማመልከቻው የሚቀርበው ለከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። የአባትዎን የሞት ማስረጃ፣ የልጆቹን የልደት ወይም የልጅነት ማስረጃ፣ የእናትዎን የጋብቻ ማስረጃና ምስክሮች ያዘጋጁ። ማረጋገጫው ሲወጣ ካርታውን በሁላችሁም ስም አዙሩ። በሟች ስም ባለ ካርታ የጥገናም የግንባታም ፈቃድ ልጠይቅ ሲሉ የመጀመሪያው ጥያቄ «ወራሾቹ እነማን ናቸው?» ይሆናልና።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለጋራ ቤት የሚወጣ ወጪ በሕግ ዓይን አንድ ዓይነት አይደለም። ቤቱ እንዳይፈርስ የሚወጣ ወጪ አለ፤ ዋጋውን የሚጨምር ወጪ አለ፤ ለራስ ደስታ የሚወጣም አለ። የመጀመሪያውን ባለድርሻዎች ሁሉ በየድርሻቸው ይሸከማሉ። ሁለተኛውን ያለ ስምምነት አውጥተው ማስመለስ ቢፈልጉ የሌሎቹ ንብረት በእርስዎ ገንዘብ ምን ያህል እንደበለጸገ ማስረዳት የእርስዎ ሸክም ነው (አንቀጽ 2162 እና ተከታዮቹ)። ማስረዳት ቢችሉም የሚታሰበው የወጣው ብር ሳይሆን የጨመረው ዋጋ ነው። ሦስተኛው አይመለስም።

በቁጥር እንየው። ለጣሪያው 400,000 ብር ቢያወጡና የግድ አስፈላጊ ጥገና መሆኑ ቢረጋገጥ የእናትዎ ድርሻ 200,000፣ የእያንዳንዱ ልጅ 50,000 ነው። እርስዎ 50,000ዎን ችለው በ350,000 ብር ባለመብት ይሆናሉ። ያንኑ 400,000 ብር ለጂፕሰም ኮርኒስ፣ ለሳሎን ሴራሚክና ለመብራት ጌጥ ቢያወጡ ግን ገማቹ መሐንዲስ «የቤቱ ዋጋ በ150,000 ጨምሯል» ሊል ይችላል። ክርክሩ በዚያ ቁጥር ላይ ይሆናል፤ ቀሪው ቀለጠ። በዚያ ላይ ወንድምዎ «እስካሁን በነጻ ኖራለች፣ ኪራይ ይታሰብልኝ» የሚል መከራከሪያ ሊያመጣ ይችላል። ከግማሹ ባለቤት ከእናትዎ ጋር መኖርዎና እሳቸውን መጦርዎ ጥሩ መልስ ነው፤ ግን መልስ የሚያስፈልገው ክርክር መሆኑን አይርሱ።

ስለዚህ የምመክርዎ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መዝገብ እንዲኖረው ነው። ሥራው ክፍል በክፍል መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል፤ ማስረጃውም በየክፍሉ ይለያልና። ለጣሪያው፦ ያረጀው ቆርቆሮ ሳይነሳ ከላይም ከታችም ፎቶ ያንሱ፤ የበሰበሰውን ሞራሌ፣ ምስጥ የበላውን ወጋግራ፣ ውኃ የወረደበትን ግድግዳ ለይተው ያሳዩ። ፈቃድ ያለው መሐንዲስ «ካልተጠገነ ግድግዳው ይወድቃል» ወይም «አይወድቅም» የሚል አጭር ሪፖርት በቀን፣ በፊርማና በማኅተም ይስጥዎ። «ይወድቃል» የምትል ከሆነ ያቺ አንድ ገጽ ወጪውን ከሁለተኛው ምድብ ወደ መጀመሪያው የምታሻግር ናት። በዚያው አጋጣሚ የመላውን ቤት የአሁን ግምት ያሠሩ፤ ከእድሳት በፊት ያልተገመተ ቤት ምን ያህል እንደጨመረ በኋላ ማንም ሊናገር አይችልም። ደረሰኞች በእርስዎ ስም ይቆረጡ፤ በግንበኛው ስም የተቆረጠ የቆርቆሮና የሚስማር ደረሰኝ ለእርስዎ ማስረጃነቱ ደካማ ነው። ክፍያውንም በባንክ ያድርጉት።

ማድቤቱና መታጠቢያው ድብልቅ ናቸው። የፈሰሰ ቧንቧ፣ የተደፈነ የፍሳሽ መስመር፣ የተላጠ የመብራት ገመድ መቀየር ጥበቃ ነው። አዲስ ሲንክ፣ ካቢኔና የግድግዳ ሴራሚክ ማሻሻያ ነው። ሠራተኛው ሁለቱን በአንድ ዋጋ ጠቅልሎ ከጻፈልዎ በኋላ መለየት አይቻልም፤ ከጅምሩ በሁለት መስመር ያስጽፉት። የመብራቱን መስመር ደግሞ በምንም ምክንያት አያዘግዩት። በአንቀጽ 2077 መሠረት ሕንጻው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ ያልታሰበ ጉዳት ቢሆን እንኳ። እሳቱ ወደ ጎረቤት ከተሻገረ የምትጠየቁት ተቃዋሚው ወንድምዎን ጨምሮ ሁላችሁም ናችሁ። ይህን ለእሱም ይንገሩት።

የሳሎኑ ግድግዳ ከሁሉ ያሰጋኛል። በእንጨትና በጭቃ ቤት የውስጥ ግድግዳ መከለያ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ቋሚዎቹ ጣሪያውን የተሸከሙበት ጊዜ ብዙ ነው። ከአዋጅ ቁጥር 624/2001 ወዲህ በሕንጻ ሕጋችን «ግንባታ» የሚባለው አዲስ ቤት ማቆም ብቻ ሳይሆን ያለን ሕንጻ ማሻሻልንና አገልግሎቱን መለወጥንም ይጨምራል። ቀለም፣ ስቱኮ፣ የኮርኒስ ቅያሪ መዋቅር አይነኩም። ግድግዳ ማፍረስ፣ ክፍል መቀጠል፣ የጣሪያውን ቅርጽ መቀየር ግን ፈቃድ ይሻል። ለጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ቢሆን እንኳ ለወረዳው የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አሳውቀው የጥገና ፈቃዱን በእጅዎ ይያዙ፤ አሸዋና ጣውላ በር ላይ ሲራገፍ ደንብ አስከባሪ መምጣቱ አይቀርም፣ ከተከፈተ ጣሪያ ሥር የታገደ ሥራ ደግሞ በአንድ ዝናብ ከእድሳቱ የሚበልጥ ኪሳራ ያመጣል። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣኑ አስቀድሞ ካልፈቀደ አይነካም።

እህትዎ በስልክ ያለችው «እንዳልሽ» ፍቅር ነው፣ ማስረጃ ግን አይደለም። ዋሽንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ውክልና ትስጥ፤ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ፣ ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይመዝገብ። የውክልናው ቃል ላይ ይጠንቀቁ፦ ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ያስፈጽማል። ድርሻዋን ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ለመታረቅ ወይም በፍርድ ቤት ለመከራከር ልዩ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ አለበት (አንቀጽ 2205)። የአሜሪካ ዜግነት ወስዳ ከሆነ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያዋን ታያይዝ፤ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ለእነዚህ ወገኖች በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የነበረውን ክልከላ አንስቷል። ዝም ያለውን ወንድምዎን እንደተስማማ አይቁጠሩት፤ በአንቀጽ 1682 ዝምታ መቀበል አይደለም። ለእሱም ለተቃዋሚውም የሥራውን ዝርዝር፣ የመሐንዲሱን ሪፖርትና የዋጋ ማቅረቢያውን አያይዘው፣ የ15 ቀን የመልስ ጊዜ ሰጥተው ደብዳቤ ይጻፉ፤ መቀበላቸውን በፊርማ ወይም በአደራ ፖስታ ያረጋግጡ።

ከሚስማሙት ጋር የምትፈራረሙት ውል እነዚህን ይያዝ፦ የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ፣ በየክፍሉ የሚሠራውን፣ ማን ስንት እንደሚያዋጣ፣ ያላዋጣው ቤቱ ሲሸጥ ወይም ሲከፈል ከድርሻው እንዴት እንደሚቀነስበት፣ እናትዎ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ የሚኖሩበትን ክፍል። ይህ የመጨረሻው በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ መብት የሚያቋቁም ሊሆን ስለሚችል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይመዝገብ (አንቀጽ 1723)። ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት።

ከሠራተኛው ጋር የሚደረገው ውል ላይ ቆም ብዬ ልናገር፤ ለእድሳት ከሚወጣው ገንዘብ ብዙው የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። ቤትን መሥራትም ማደስም ከአንቀጽ 3019 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች ይገዛል። በአንቀጽ 3039 መሠረት ሥራ ተቋራጩ ሥራው ደንበኛና ጽኑ ስለመሆኑ ከርክክቡ ጀምሮ 10 ዓመት ዋስ ነው፤ በውል ሊያሳጥረው አይችልም። ነገር ግን ዋስትናው ሲረከቡ በዓይን ይታይ የነበረን ጉድለት አይሸፍንም። ስለዚህ የርክክብ ወረቀት ላይ ከመፈረምዎ በፊት ባልዲ ውኃ አሸንዳው ላይ ያፍስሱ፣ በሮችን ይክፈቱ ይዝጉ፣ ያገኙትን ጉድለት ከፊርማዎ በላይ ይጻፉ።

በጭቃ ቤት ላይ በተደጋጋሚ የሚያጋጭ አንድ ነገር አለ፦ ልስኑ። የሲሚንቶ ልስን በቀጥታ ጭቃ ላይ ሲመታ አይያያዝም። ጭቃው እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፤ ሲሚንቶው ግን ግትር ነው፤ ውሎ አድሮ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። በውስጡ የታፈነው እርጥበት ደግሞ ማገሩን ያበሰብሰዋል። ከዚያ ግንበኛው «ግድግዳው መጥፎ ነበር» ይላል፣ ባለቤቱ «ሥራህ መጥፎ ነው» ይላል። ውሉ ላይ «የሽቦ መረብ በቋሚዎቹ ላይ በሚስማር ተመቶ ይለሰናል» ወይም «በጭቃና በጭድ ተለስኖ በኖራ ይቀባል» ተብሎ ከተጻፈ ክርክሩ ያልቃል። «ግድግዳው ይታደሳል» የሚል ውል ምንም አይልም። የቆርቆሮው ውፍረት፣ የሞራሌው መጠንና የሚመታበት ርቀት፣ የቀለሙ ዓይነትና ስንት ዙር እንደሚቀባ ሁሉ በቁጥር ይግባ።

ቅድሚያ ክፍያ ከ20 በመቶ አይለፍ። ቀሪውን ክፍሉ ሲያልቅ እንጂ ሳምንት ሲያልፍ አይክፈሉ። 10 በመቶውን ያቆዩ፤ የጣሪያውን ደግሞ አንድ ክረምት እስኪያልፍበት። ሠራተኛው ጥሎ ቢሄድ ወዲያው ሌላ አያስገቡ፤ በአንቀጽ 1772 መሠረት መጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡት፣ የደረሰበትን በፎቶና በሁለት ምስክር ይመዝግቡ። ሌላ ሰው ከነካው በኋላ ያበላሸው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ወንድምዎ «ይካፈል» ማለቱ መብቱ ነው። ከወራሾች ማንኛውም ክፍፍል ሊጠይቅ ይችላል፤ ቤቱም በዓይነት የማይከፈል ከሆነ ተሸጦ ገንዘቡ ይከፈላል። የተጀመረ እድሳት ይህን አይከለክልም። ስለዚህ አቅም ካለዎት ገንዘብዎን ከሳሎኑ በፊት በእሱ አንድ ስምንተኛ ላይ ያውሉት። ዛሬ ጣሪያው እያፈሰሰ የሚገመተው ድርሻ ነገ በእርስዎ ሴራሚክና ቀለም ከተዋበው ድርሻ ይረክሳል፤ ያኔ የራስዎን ወጪ መልሰው ይገዙታል ማለት ነው። ለእሱም ፍትሐዊ እንዲሆን ግምቱን ሁለታችሁም በተስማማችሁበት መሐንዲስ ያሠሩት። ከገዙትም የሱቁን በር የዘጋው ተቃውሞ አብሮ ይነሳል፤ ቀሪዎቹ በጽሑፍ ከተስማሙና የአገልግሎት ለውጡ ከተፈቀደ ሱቁ ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው ይዞታው በፕላኑ ላይ ለምን እንደተመደበ ይጠይቁ። አካባቢው ለልማት ከተከለለና የማስለቀቂያ ማስታወቂያ ከደረሳችሁ በኋላ ለተጨመረ ግንባታ ወይም ማሻሻያ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ አይከፈልም። መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበሉ። ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ ጣሪያውን በጥር አስጀምረው ሰኔ ሳይገባ ያስከድኑት።