ባጃጇ ተገዝታ ታፔላው ሲከለከል

ጥያቄ፦ ለአንባቢያን ጥያቄ ዓምድ አዘጋጅ፤ የምኖረው ወሎ ነው፤ ከተማዬን ባትጠቅሱልኝ እወዳለሁ። እህቴ አረብ አገር አራት ዓመት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ አንድ ባጃጅ ገዛን። ሰሌዳና ሊብሬ አወጣን፤ የንግድ ፈቃድም አገኘን። በመስመር ለመሥራት የሚያስፈልገውን ፈቃድ፣ ታፔላውን፣ ለመውሰድ ስንሄድ ግን «የከተማው የባጃጅ ቁጥር ሞልቷል፤ አዲስ አንቀበልም» ተባልን። ይህም የተነገረን በቃል ብቻ ነው። ባጃጇ በላስቲክ ተሸፍና ግቢያችን ውስጥ ከቆመች ሰባት ወር ሆናት፤ እናቴ በየማለዳው ላስቲኩ ላይ ያደረውን ጤዛ በጨርቅ ትጠርጋለች። አሁን ደግሞ አንድ ሰው ታፔላውን ከነመስመሩ ሊሸጥልን ጠይቆናል። ከተማው ቁጥር የመገደብ ሥልጣን አለው ወይ? ታፔላውንስ ብንገዛ ምን ይመስላችኋል?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የሚያስቸኩለው ሁለተኛው ጥያቄዎ ስለ ሆነ ከእሱ እንጀምራለን። ታፔላውን አይግዙ። ታፔላ ለአንድ ባለንብረት፣ በአንድ ተሽከርካሪ፣ በተወሰነ መስመር እንዲሠራ የሚሰጥ ፈቃድ እንጂ እንደ ጎማና ሞተር ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ዕቃ አይደለም። በሁለት ግለሰቦች መካከል የተፈረመ ውል ፈቃድ ሰጪውን አካል አያስገድደውም፤ ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ሲሄድ ስሙ በመዝገቡ ላይ ይቀራል፣ በመጀመሪያው ቁጥጥር የምትያዘውም የእህትዎ ላብ የፈሰሰባት ባጃጅ ናት። ፈቃድ መሸጥ በሕግ በተፈቀደበት አገር እንኳ ነገሩ መጨረሻው አላማረም። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1937 የታክሲ ፈቃዶችን ቁጥር ወሰነች፤ ፈቃዱ ይሸጥ ይለወጥ ስለ ነበር እ.ኤ.አ. በ2014 ገደማ የአንዱ ዋጋ ከ1 ሚሊዮን ዶላር አለፈ፤ በስልክ የሚጠሩ መኪኖች ሲበዙ ግን ዋጋው ወደቀና በብድር የገዙት ሾፌሮች ዕዳ ውስጥ ተዘፈቁ።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስንመለስ፣ ከተማው ቁጥር መገደቡ በራሱ ሕገ ወጥ ነው ለማለት አንችልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው ሥራ የመተዳደር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ሆኖም መንገዱ የጋራ ስለ ሆነ አጠቃቀሙን ሥርዓት ማስያዝ የአስተዳደሩ ድርሻ ነው፤ አዲስ አበባም በ2015 ዓ.ም. ባጃጆችን ለጊዜው አግዳ እንደ ነበር ይታወሳል። የጠባቡን መንገድ ነገር ደሴን የሚያውቅ ሰው አይክደውም። ከተማዋ ከጦሳ ተራራ ሥር በረጅሙ የተዘረጋች ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄደው አስፋልት መካከሏን አቋርጦ ስለሚያልፍ ከባድ መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ሚኒባሱና ባጃጁ በአንድ መንገድ ይጋፋሉ፤ ፒያሳ ላይ አንድ ባጃጅ ሰው ለማውረድ ሲቆም ከኋላው ያለው ሁሉ አብሮ ይቆማል።

ይሁን እንጂ «ሞልቷል» የሚለው ቃል ተቆጥሮ የተደረሰበት መሆን አለበት፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አጥብቆ የሚይዘውም ይህንኑ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የትራንስፖርት ሕግ፣ ከለንደን ውጭ ያለ የአካባቢ ምክር ቤት በቁጥር ምክንያት የታክሲ ፈቃድ ሊከለክል የሚችለው ሳይሟላ የቀረ ጉልህ የተሳፋሪ ፍላጎት አለመኖሩን ሲያረጋግጥ ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ ምክር ቤቶቹ ሰው መድበው ተሳፋሪው በየታክሲ ማቆሚያው ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ ያስቆጥራሉ። የማስረዳት ሸክሙ ያለው በከልካዩ ላይ እንጂ በአመልካቹ ላይ አይደለም። ያ ሕግ እኛን አይገዛንም፤ ሐሳቡ ግን ለእኛም ይሠራል። ቆጠራው ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ከተደረገ ባጃጁ ተራ ይዞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ይገኛል፤ በገበያ ቀን ወይም ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ከተደረገ ግን ዘንቢላቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው መንገድ መንገዱን የሚያዩ እናቶች ይገኛሉ። የኮምቦልቻ የፋብሪካ ሠራተኛ የሚወጣበት ሰዓትም ከደሴው ተሳፋሪ ሰዓት ጋር አንድ አይደለም፤ ስለዚህ የአንዱን ከተማ ቁጥር ለሌላው መዋስ አይቻልም። አንዳንድ ቦታ ደግሞ «በቂ ነው» የሚለው አስተያየት የሚሰበሰበው ቀድመው ከገቡት የማኅበር አባላት ነው። የእነሱም እንጀራ ሊታሰብ ይገባል፤ ነገር ግን አዲስ ሰው ባለመግባቱ የሚጠቀመው ወገን ብቻውን ዳኛ ሲሆን ፍርዱ ትክክል ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ምላሹም ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ገደቡ የተጣለው በመመሪያ ነው ወይስ በስብሰባ ውሳኔ፣ መቼ ተወሰነ፣ የተጠባባቂዎች መዝገብ ካለ ስንተኛ ተራ ላይ ነዎት የሚሉትን በማመልከቻው ውስጥ ያስገቡ። አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር፤ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን ጥቀሱ የሚሉ አማካሪዎች አሉ፤ አዋጁ የወጣው ለፌዴራል አስተዳደር ተቋማት ስለ ሆነ ለክልል ከተማ መሥሪያ ቤት እሱን መጥቀስ ማመልከቻዎን ያዳክመዋል። መልስ ካላገኙ ወይም ምክንያቱ ካላሳመነዎ ወደ ከተማው ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያም ወደ ዞኑ ይሂዱ።

እስከዚያ ያለ ታፔላ በጨለማ ለመሥራት አያስቡ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ የመድን ውሉም ተሽከርካሪው የሚሰጠውን አገልግሎት ለይቶ ስለሚጽፍ፣ ከፈቃድ ውጭ ሰው ጭነው አደጋ ቢደርስ ክርክሩ ከመድን ድርጅቱም ጋር ይሆንብዎታል። ማመልከቻውን ሲያስገቡ የመዝገብ ቤቱ ቁጥርና ቀን የተጻፈበትን፣ ማኅተም ያረፈበትን አንድ ቅጂ ሳይቀበሉ ከመስኮቱ አይነሡ፤ ቅሬታ ሰሚው አስቀድሞ የሚጠይቅዎ እሱን ነው።