የኮሪዶራስ ጫጩት በድሬ ሙቀት

ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የጻፈልኝ ልጅ ጥያቄው ይህ ነው። «ስድስት አልቢኖ ኮሪዶራስ ዓሦች በመስታወት ገንዳ ውስጥ አሉኝ። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ እንቁላል ጣሉ። ግማሹ እየነጣ ሻገተ። ከተፈለፈሉት 30 ያህል ጫጩቶች አንድም አልቀረኝም፣ በሳምንት ውስጥ አለቁ። የማበላቸው የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ነበር። ዓሦቹን የሸጠልኝ ሰው ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) አስገብተህ ውሃውን 28 ዲግሪ አድርገው ብሎኛል። ምን ይሻለኛል?»

አቦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሂተሩን ንቀለው።

አልቢኖው የብሮንዝ ኮሪዶራስ ነጭ ዘር ነው። የሚመቸው ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ነው። ድሬ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቆላ ናት። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ውሃ ማንም ሳይነካው 30 ያልፋል። ሐረር ያለ ሰው ሂተር ቢያስገባ ይገባኛል፣ እዚያ ሌሊቱ ይበርዳል። እኛ ጋ ግን ሥራችን ማቀዝቀዝ ነው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ሻጋታና ባክቴሪያ ደግሞ ይፈጥናል። የሁለቱም ችግርህ፣ የእንቁላሉም የጫጩቱም፣ አንዱ ሥር እዚህ ጋ ነው።

ለማቀዝቀዝ የጠረጴዛ ማራገቢያ ይበቃል። ክዳኑን አንሣና ንፋሱን በውሃው ፊት ላይ አግድም ልቀቀው። አየራችን ደረቅ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ሲተንም ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ይወርዳል። አንድ ነገር ግን አትርሳ። የድሬ ውሃ ኖራ አለበት፣ የማንቆርቆሪያህን ውስጥ ብታይ ነጩ ቅርፊት እሱ ነው። ውሃው ሲተን ኖራው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የጎደለውን ስትሞላ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ተጠቀም። ሲፈላ ኖራው ይወርዳል፣ አንተ ከላይ ያለውን ቀስ ብለህ ቅዳ። ፈልቶ የቆየ ውሃ አየር ስለሌለው ሌሊቱን ኤር ፓምፕ (አየር የሚነፋ መሣሪያ) ይግባበት። ነሐሴ ላይ ከሆነ የዝናብ ውሃም ግሩም ነው፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ካጠበልህ በኋላ ብቻ።

ከጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ከሰዓት በኋላ ውሃ ቀድተህ እንዳታስገባ፣ ያቃጥላል። ማለዳ ቅዳና እንስራ ውስጥ አሳድረው። እንስራው ሲያልበው ውሃው ይበርዳል፣ አፉ ክፍት ከሆነ ክሎሪኑም እስከ ነገ ይወጣል።

አሁን ወደ ነጡት እንቁላሎች። ዓሦችህን ከላይ ቁልቁል እያቸው። ሰፋ ብላ ክብ የሆነችው ሴት ናት፣ ቀጠን ያለው ወንድ ነው። ለአንድ ሴት ሁለት ወንድ ቢኖር ጥሩ ነው። ወንዱ ካነሰ ብዙው እንቁላል ዘር ሳይነካው ይቀራል፣ መጀመሪያ የሚነጣውም እሱ ነው። ሴቷን ስትጥል አይተሃት ታውቃለህ? የሆዷን ክንፎች እንደ መዳፍ ታጥፍና ሁለት ሦስት እንቁላል ትይዛለች። ከዚያ መስታወቱን በአፏ ታጸዳለች፣ ሆዷን ለጠፍ አድርጋ እንቁላሎቹን ታጣብቃለች። ይህን እያየሁ ስንት ጠዋት ቁርስ ሳልበላ ቀርቻለሁ።

መጣል ሲጨርሱ አንድ ሁለት ሰዓት ጠብቅ፣ እንቁላሉ ይጠነክራል። ከዚያ በላይ አትዘግይ፣ ወላጆቹ ራሳቸው ይበሉታል። በጣትህ ጫፍ ቀስ እያልክ አንከባለውና ከዚያው ገንዳ በቀዳኸው ውሃ ወደተሞላ ነጭ ሳፋ አዛውረው። 10 ሊትር የሚይዝ ይበቃል። አየር ለስለስ ብሎ ይግባለት። ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን የሻጋታ መከላከያ ሰማያዊ ፈሳሽ ካገኘህ ውሃው ፈዛዛ ሰማያዊ እስኪሆን ጠብ አድርግ። በየጠዋቱ የነጣውን እንቁላል በጠብታ መስጫ ልቀም። አንዱን ከተውከው ሻጋታው ጎረቤቱን ይይዛል። ደህናው እየጠቆረ ይሄዳል፣ በ3 እስከ 5 ቀን ይፈለፈላል።

የጫጩቶቹ ነገር ይበልጥ አሳስቦኛል።

ጫጩቱ ሲወጣ ስንቁን ሆዱ ላይ ይዞ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ከዚያ ይበላል። በእነዚያ ቀናት ምንም አትስጠው። አስኳል ደግሞ በኋላም ይቅርብህ። ኮሪዶራስ የወለል ዓሣ ነው፣ ጫጩቱም ውሎ አዳሩ ወለል ላይ ነው። አስኳሉ ወርዶ የሚተኛው ጫጩቱ ሆዱን ባስተኛበት ቦታ ነው። በኛ ሙቀት ደግሞ በጥቂት ሰዓት ይበሰብሳል። እኔም በጀማሪነቴ 80 ያህል ጫጩት በአንድ ሌሊት አልቆብኛል። ውሃው ከላይ ሲታይ የመጠጥ ውሃ ይመስል ነበር። ጣቴን ወለሉ ላይ ሳስኬድ ግን እንደ ተልባ አሙለጨለጨኝ። አሁን በየጠዋቱ መጀመሪያ የማደርገው ወለሉን በጣቴ መንካት ነው። ካሙለጨለጨ በንጹሕ ስፖንጅ አብሼ፣ ቆሻሻውን በቀጭን ቱቦ ስቤ አወጣለሁ። ከውሃው ሩቡን ያህል በየቀኑ እቀይራለሁ። የሚገባው ውሃ ሙቀቱ ከሳፋው ጋር እኩል መሆን አለበት።

ምግቡን በተመለከተ ማይክሮዎርም የሚባሉትን ደቃቅ ትሎች ፈልግ። ዓሣ ከሚያረባ ሰው አንድ ማንኪያ መነሻ ካገኘህ ይበቃሃል። ወፈር ያለ የአጃ ገንፎ ሥራ፣ ሲቀዘቅዝ ቆንጠር አድርገህ የዳቦ እርሾ ነስንስበት፣ መነሻውን ጨምርና ክዳኑን ብሳ። ከጥቂት ቀን በኋላ ትሎቹ በዕቃው ግድግዳ ላይ ይወጣሉ፣ በጣትህ ጠርገህ ትሰጣለህ። ወደ ወለል ስለሚሰምጡ ጫጩቱ ያገኛቸዋል። ሙቀት ቶሎ ያበላሻቸዋል፣ ስለዚህ በሳምንት ልዩነት ሁለት ዕቃ ያዝና ቤትህ ውስጥ በጣም በሚቀዘቅዘው ጥግ፣ መሬት ላይ አስቀምጥ።

የአርቴሚያ (በጨው ውሃ የሚኖር ደቃቅ ሽሪምፕ) እንቁላል ካገኘህ ደግሞ ይበልጥ ያሳድጋቸዋል። በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ጠንካራ አየርና ብርሃን ስጠው። በኛ ሙቀት በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል፣ ሙቀታችን የሚያግዘን እዚህ ጋ ነው። አየሩን አጥፋ፣ ባዶው ቅርፊት ወደ ላይ ይወጣል። ብርቱካናማዎቹን ከሥር ስበህ በንጹሕ ውሃ አለቅልቃቸው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ስጥ።

መብራት ሲጠፋ ከሳፋው ውሃ በኩባያ እየቀዳህ ከፍ አድርገህ መልሰህ አፍስስበት፣ አየር ያገኛል። ወደ ወላጆቻቸው ለመመለስ አትቸኩል፣ ሁለት ወር ያህል ይቆዩ።

እስከዚያ አንድ ሥራ ልስጥህ። ሂተሩን ከነቀልክ በኋላ የውሃውን ሙቀት ማለዳ 12 ሰዓት ላይና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ለካ። ለሦስት ቀን ጻፈውና ላክልኝ። ገንዳው የቱ ግድግዳ ጋ እንዳለም ንገረኝ፣ የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ከሆነ ከማራገቢያው በፊት ቦታውን እንቀይራለን።