መልስ፦ መጀመሪያ እናትሽ ያመልክቱ

እህቴ፣ ለንደን አብረውሽ የሚኖሩትን የ70 ዓመት እናትሽን ቀን ከሌት እየተንከባከብሽ ኬረርስ አላውንስ (ለተንከባካቢ የሚከፈል ድጎማ) የተከለከልሽው፣ እሳቸው በስማቸው የአካል ጉዳት ድጎማ ስለማያገኙ ነው። በሳምንት 35 ሰዓት መንከባከብሽ ብቻውን አይበቃም።

ስለዚህ፦

1. ስልክ ደውለሽ የአቴንዳንስ አላውንስ (እናትሽ በስማቸው የሚጠይቁት ድጎማ) ፎርም አስልኪ። ፎርሙን በ6 ሳምንት ውስጥ ከመለስሽ ክፍያው የሚቆጠረው ከደወልሽበት ቀን ነው። ገቢና ቁጠባ አያዩም። እርዳታ ማስፈለግ ከጀመራቸው ግን 6 ወር ሊሞላ ይገባል።

2. ፎርሙ ላይ የከፋውን ቀን ጻፊ። እናቶቻችን ሲጠየቁ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፤ እዚህ ላይ አያዋጣም። ማን እንደሚያጥባቸው፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምታነሻቸው በዝርዝር ይግባ።

3. ሲፈቀድላቸው በ3 ወር ውስጥ ያንቺን ኬረርስ አላውንስ እንደገና አመልክቺ። የኋላውም ይከፈልሻል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ከሥራሽ በሳምንት የምታገኚው ከታክስ በኋላ ከተፈቀደው የገቢ ጣሪያ በአንድ ፓውንድ ቢያልፍ የዚያ ሳምንት ኬረርስ አላውንስ ሙሉ በሙሉ ይቀራል። ጣሪያው ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በሳምንት 196 ፓውንድ ነበር፤ ስለሚቀያየር የዘንድሮውን እዪ። ኦቨርታይም ሠርተው ሳያሳውቁ ቆይተው፣ የተጠራቀመ ዕዳ የተጠየቁ ሰዎች አውቃለሁ።