የማን አገር ተሸጠ? ከ1800 እስከ 1840 ስለነበረችው አሜሪካ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቻችሁ ደርሰውኛል። ብዙዎቹ ስለ አንድሪው ጃክሰን፣ በመጀመሪያ ጄኔራል በኋላም ፕሬዚዳንት ስለነበረው ሰው፣ ናቸው፤ ሰውየው ከሞተ በኋላም ሰው ማጣላቱን አልተወም። ተመሳሳዮቹን አጣምሬ መልሻለሁ። ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ናፖሊዮን ሉዊዚያናን የሚያህል አገር በ15 ሚሊዮን ዶላር የሸጠው አብዶ ነው?

መልስ፦ አላበደም፤ ተሸንፎ ነው። ያሸነፉት ደግሞ የሃይቲ ባሮች ናቸው። ሃይቲ ያኔ ሴን ዶሚንግ የምትባል፣ በስኳርና በቡና ፈረንሳይን ያበለጸገች ቅኝ ግዛት ነበረች። ባሮቹ በ1791 ተነሡ። ናፖሊዮን በ1802 የእህቱን ባል ጄኔራል ሌክሌርን ከብዙ ሠራዊት ጋር ላከባቸው። ሠራዊቱ በጥይትና በቢጫ ወባ ረገፈ፤ ሌክሌርም በዚያው ዓመት በዚሁ በሽታ ሞተ። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምዕራብ የተንጣለለችው ሉዊዚያና የተፈለገችው ደሴቲቱን እንድትቀልብ ነበር። ቤቱ ከፈረሰ ጎተራው ምን ያደርጋል? ከእንግሊዝ ጋር ሌላ ጦርነት ስለተቃረበም ገንዘብ ቸግሮታል። የአሜሪካ መልእክተኞች ሊቪንግስተንና ሞንሮ በተለይ ኒው ኦርሊንስን ፈልገው ሳለ ሁሉንም ውሰዱ ተባሉ። በ1803 ከ2 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ገዝተው ተመለሱ።

ከግዢው ገንዘብ አቅራቢዎች አንዱ የለንደኑ ቤሪንግ ባንክ ነበር። እንግሊዝን ለሚወጋ ሰው ገንዘብ ያገኘለት የእንግሊዝ ባንክ ነው፤ ብር ዘመድ የለውም። አሜሪካ ደግሞ የሃይቲን ውለታ እንዴት መለሰች? እንደ ነጻ አገር የተቀበለቻት በ1862 ነው።

ጥያቄ፦ መሬቱ ግን በመጀመሪያ የፈረንሳይ ነበር?

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄዎች የምወደው ይህን ነው። ፈረንሳይ ከጥቂት ከተሞችና ምሽጎች በቀር ያን አገር በእጇ አልያዘችውም። ኦሴጅ፣ ላኮታ፣ ፓውኒና ሌሎች ብዙ ሕዝቦች ይኖሩበት ነበር፤ ማንም አልጠየቃቸውም። በአውሮፓውያን ሕግ ዓይን የተሸጠው፣ ከሌሎች አውሮፓውያን ቀድሞ ከነዋሪዎቹ ላይ መሬት የመግዛት ወይም የመውሰድ መብት ነው። ስለዚህ አሜሪካ ያንኑ መሬት ከ1803 በኋላ በውል፣ በጫናና በጦርነት እየቆራረሰች እንደገና ወሰደችው። በሬውን ከጎረቤት ገዝቶ ባለቤቱን «ገመዱን አቀብለኝ» እንደ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሕገ መንግሥቱ ለፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ይህን ግዢ ይፈቅድለት ነበር?

መልስ፦ እርሱ ራሱ አይፈቅድም ብሎ ያምን ነበር። ማሻሻያም አርቅቆ ነበር። ናፖሊዮን ሐሳቡን ይቀይራል የሚል ሥጋት ሲበረታ ግን ረቂቁን ወደ ጎን አደረገው፤ ሴኔቱም ውሉን 24 ለ7 አጸደቀ።

ጥያቄ፦ የ1812ን ጦርነት ካናዳውያንም አሸነፍን ይላሉ፣ አሜሪካውያንም አሸነፍን ይላሉ። ማን ይታመን?

መልስ፦ እንግሊዞች ደግሞ ጦርነቱን ጭራሽ የረሱት ይመስላሉ፤ ያኔ ዓይናቸው ናፖሊዮን ላይ ነበር። ጦርነቱን ያወጀችው አሜሪካ ናት። እንግሊዝ የአሜሪካን መርከቦች እያስቆመች መርከበኞችን በግዳጅ ለባሕር ኃይሏ ትወስድ፣ ከፈረንሳይ ጋር የሚደረገውንም ንግድ ታውክ ነበር። በምዕራቡ ድንበር ነባር ሕዝቦችን ታስታጥቃለች የሚል ክስም ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት 79 ለ49፣ ሴኔቱ 19 ለ13 ድምፅ ሰጡ። አሁን አንድ ነገር አስተውሉ፤ ጦርነቱ የመርከብ ጉዳይ ነው ከተባለ አጥብቀው ሊፈልጉት የሚገባቸው ባለ መርከቦቹ የሰሜን ምሥራቁ የኒው ኢንግላንድ ነጋዴዎች ነበሩ። እነርሱ ግን ተቃወሙት። የጮኹለት ከባሕር የራቁት የደቡብና የምዕራብ ሰዎች ናቸው።

ካናዳ አልተያዘችም፤ እንዲያውም ጄኔራል ሃል በኦገስት 1812 ዲትሮይትን ብዙም ሳይዋጋ አስረከበ። በዲሴምበር 1814 በጌንት ከተማ ውሉ ሲፈረም ድንበሩ ወደነበረበት ተመለሰ። ስለ መርከበኞቹ አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈም። በዚህ ስሌት አቻ ወጥተዋል።

ተሸናፊውን ግን መፈለግ አያስቸግርም። ከነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የሾኒ ሕዝብ መሪ ተኩምሴ፣ መሬት የሁሉም ስለሆነ አንዱ ሕዝብ ብቻውን ሊሸጥ አይችልም ብሎ ሕዝቦቹን ሊያስተባብር ዓመታት ደክሟል። በኦክቶበር 1813 ከእንግሊዞች ጎን ሲዋጋ በቴምዝ ወንዝ አጠገብ፣ በካናዳ ምድር ተገደለ። እንግሊዞች በጌንት ድርድር መጀመሪያ ለነባር ሕዝቦች የተለየ ግዛት ይከለል ብለው ነበር፤ አሜሪካውያኑ እምቢ ሲሉ ነገሩን ተዉት።

ጥያቄ፦ ዋይት ሃውስ ነጭ የተቀባው የቃጠሎውን ጠባሳ ለመሸፈን ነው ይባላል።

መልስ፦ ተረት ነው። ድንጋዩ በ1798 በኖራ ተቀብቷል፤ እንግሊዞች ያቃጠሉት በ1814 ነው። የጆርጅ ዋሽንግተንን ሥዕል ከቃጠሎው ለማዳን የፕሬዚዳንት ማዲሰን ሚስት ዶሊ በእጇ አወረደችው የሚለውንም ቀለል አድርጋችሁ ስሙት። በቤተ መንግሥቱ በባርነት ያገለግል የነበረው ፖል ጄኒንግስ በኋላ እንደጻፈው፣ ሥዕሉን ያወረዱት በር ጠባቂውና አትክልተኛው ናቸው። ትእዛዙ የእርሷ ነው፤ መሰላሉ የእነርሱ።

ጥያቄ፦ የኒው ኦርሊንስ ውጊያ ከዕርቅ በኋላ የተደረገ ከንቱ ውጊያ ነው አይደል?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ውሉ ተፈርሟል፤ ዜናው ግን ውቅያኖስ አልተሻገረም። ከዚያም በላይ ውሉ የሚጸናው በሁለቱም ወገን ሲጸድቅ ስለነበር ጦርነቱ በሕግ ያበቃው በፌብሩዋሪ 1815 ነው። በጃንዩዋሪ 8 ቀን 1815 ጃክሰን ከሚመራው ጦር ጋር ሲዋጉ እንግሊዞች 2,000 ያህል ሰው ሞቶባቸው፣ ቆስሎባቸውና ተማርኮባቸው አዛዣቸው ፓኬናምም ወደቀ። ያ ቀን ጃክሰንን ለፕሬዚዳንትነት አጨው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጃክሰንን በዛሬ ሚዛን መፍረድ ተገቢ ነው? ለተራው ሰው ድምፅ የሰጠ መሪ አልነበረም?

መልስ፦ ተራው ነጭ ወንድ በይው። እሺ፣ የዛሬውን ሚዛን እናስቀምጠውና በዚያው ዘመን ሚዛን እንመዝነው። በ1830 ነባር ሕዝቦችን ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ለማስፈር የወጣው ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት ያለፈው 102 ለ97 ነው። ሴናተር ፍሪሊንግሃይሰን ሕጉን ተቃውሞ ለቀናት ተከራክሯል። የጃክሰን የአገሩ ልጅ፣ የቴነሲው ዴቪ ክሮኬት ተቃውሞታል። «ያኔ ሁሉም እንዲህ ያስብ ነበር» ለሚል ሰው እነዚያ 97 ድምፆች በቂ መልስ ናቸው።

በይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በማርች 1814 በሆርስሹ ቤንድ ከ800 በላይ ክሪክ የተባለው ነባር ሕዝብ ተዋጊዎች ሲገደሉ፣ ወንዙን በዋና ተሻግረው የጠላትን ታንኳ በመንጠቅ ጃክሰንን የረዱት ሌላ ነባር ሕዝብ የሆኑት ቼሮኪዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በተፈረመው ውል ጃክሰን ከ90 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ወሰደ፤ የወሰደውም ከወጉት ክሪኮች ብቻ ሳይሆን አብረውት ከዘመቱት ክሪኮች ጭምር ነው። ቼሮኪዎቹም በ1838 በወታደር ተከበው ከቤታቸው ወጡ። ከ16 ሺህ ያህሉ 4,000 የሚሆኑት እንደሞቱ ይገመታል። ያኔ ጃክሰን ሥልጣን ለቆ ነበር፤ ሰበብ የሆነውን፣ መሬታቸው የተሰጠበትን የኒው ኤኮታን ውል ግን የተዋዋለው የእርሱ መንግሥት ነው። ጥቂቶች እንጂ ዋናው መሪያቸው ጆን ሮስ አልፈረመበትም፤ ሴኔቱም ያጸደቀው ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ በአንድ ድምፅ ብቻ በልጦ ነው።

ለምን ይህ ሁሉ? ጥጥ። የጥጥ መዳመጫ ማሽን በ1793 ከተሠራ ወዲህ የደቡቡ ጥቁር አፈር ወርቅ ሆነ። በ1790 ወደ 700 ሺህ የነበረው የባሪያ ቁጥር በ1830 ወደ 2 ሚሊዮን ደረሰ፤ ከውጭ ባሪያ ማስገባት ከ1808 ጀምሮ ተከልክሎ እያለ። ነባሩን ነቅለው ባለ ሰንሰለቱን ተከሉበት።

ጥያቄ፦ ቼሮኪዎች እንደ እኛ ያለ ፊደል አላቸው ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ አላቸው፤ ዝምድና የለንም እንጂ አሠራራችን አንድ ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችለው ሴኮያ የተባለ ሰው በ1821 እንደ ሀ ሁ ሂ አንዱ ምልክት ተናባቢውንም አናባቢውንም አጣምሮ የሚይዝበት ሥርዓት ፈጠረ። የሴኮያ ምልክቶች 85 ያህል ብቻ ስለሆኑ ልጆቻቸው ከእኛ ልጆች ቀድመው ይጨርሱታል። በ1828 በዚሁ ፊደልና በእንግሊዝኛ ጋዜጣ ማተም ጀመሩ። ካባረሯቸው ሰዎች መካከል ስሙን መጻፍ የማይችል ብዙ ነበር።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ብላደንስበርግን በየሳምንቱ አልፋለሁ። እዚያ የሆነ ነገር አለ?

መልስ፦ ዋሽንግተን ከመቃጠሏ በፊት፣ በኦገስት 24 ቀን 1814 ውጊያው እዚያ ነበር። ፕሬዚዳንት ማዲሰን በቦታው ተገኝቷል። የአሜሪካ ሚሊሻ ሸሸ፤ ጸንተው የተዋጉት የጆሹዋ ባርኒ መርከበኞች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ከባርነት ያመለጠው ቻርልስ ቦል ነበር። ከፊታቸው በእንግሊዝ ደንብ ልብስ ከተሰለፉት መካከል ደግሞ ከዚያው ከቼሳፒክ አካባቢ እርሻዎች ያመለጡ ጥቁሮች ነበሩ፤ እንግሊዝ ወደ እርሷ ለመጡ ባሮች ነጻነት ቃል ገብታ ነበርና። ከሁለተኞቹ ብዙዎቹ ከጦርነቱ በኋላ በትሪኒዳድ ደሴት መሬት ተሰጣቸው። የልጅ ልጆቻቸው እስከ ዛሬ እዚያ አሉ፤ የሚጠሩትም «ሜሪኪን» ተብለው ነው፣ አሜሪካዊ ለማለት።