ቤሪል ሲመጣ የጠየቃችሁኝ

ይህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የሚያስተናግደው የወረቀት፣ የሥራና የልጆች ትምህርት ጥያቄ ነው። ከጁላይ 2024 መጀመሪያ ወዲህ ግን የሚደርሰኝ ሁሉ ስለ ሀሪኬን፣ ከባሕር ስለሚነሳው ብርቱ የነፋስና የዝናብ ማዕበል ሆኗል። ለአንዳንዶቻችሁ ያኔውኑ በስልክ መልሻለሁ፤ መጽሔቱ እስኪታተም የሚጠብቅ ጉዳይ አልነበረምና። አሁን ቤሪል የተባለው ሀሪኬን አልፏል። የሀሪኬን ወቅቱ ግን ገና ነው። እስከ ኖቬምበር 30 ይቆያል። የሚበረታው ደግሞ ሴፕቴምበር 10 አካባቢ፣ ልክ እኛ አዲስ ዓመት ልንቀበል ሽር ጉድ በምንልበት ሰሞን ነው። በ1900 ሂውስተን አቅራቢያ ያለችውን የባሕር ዳር ከተማ ጋልቨስተንን ያወደመው፣ ቢያንስ 6,000 ሰው የጨረሰው ማዕበል የመጣው ሴፕቴምበር 8 ነበር። አይክ የተባለው ሀሪኬን በ2008 የመጣው ሴፕቴምበር 13 ነበር።

እኔ ሂውስተን ከገባሁ 22 ዓመቴ ነው። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ፣ በአብዛኛው የሌሊት ፈረቃ ነው። የአየር ጠባይ ባለሙያ አይደለሁም። ያሳለፍኩትን፣ ከስህተቴም የተማርኩትን ነው የማካፍላችሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ወደ ሂውስተን ከመጣን ስምንት ወራችን ነው። አሊፍ ውስጥ አፓርትመንት ተከራይተን ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ አብራን አለች። ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ሥራ ቦታ ሁሉም የሚያወራው ስለ ቤሪል ነው። ቴሌቪዥኑ ግን ወደ ሜክሲኮ ድንበር ይሄዳል ይላል። ባለቤቴም እኛን አይነካንም ብሏል። ወንድሜ ደግሞ ከዳላስ ደውሎ ዛሬውኑ ውጡ ይለኛል። ማንን ልስማ? ምንስ ልግዛ?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ይህን የጻፍሽልኝ ሐሙስ ጁላይ 4 ነበር። ያን ቀን ባለቤትሽ ያሉት ነገር ቴሌቪዥኑ ላይ ከሚታየው ጋር ይገጥም ነበር። ችግሩ ካርታው ላይ የሚታየውን ነጭ ቅርጽ ሁላችንም በስህተት ማንበባችን ነው። ያ ቅርጽ የሚያሳየው የማዕበሉ መሃል ሊያልፍበት የሚችለውን ቦታ ነው። ከሦስት ሁለቱን ጊዜ መሃሉ ከዚያ ውስጥ ያልፋል። አንዱን ጊዜ ይወጣል። ነፋሱና ዝናቡ ደግሞ ከቅርጹ ውጭ ርቆ ይሄዳል። ቤሪልም ቅዳሜና እሁድ ወደ ሰሜን እየዞረ መጥቶ ሰኞ ሊነጋጋ ሲል፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ ማታጎርዳ በሚባል የቴክሳስ ባሕር ዳር ቦታ ላይ የብስ ረገጠ። ከዚያ ቀጥታ ወደ እኛ።

ስለዚህ ካርታውን ከማየት ይልቅ ሁለት ቃል ስሚ። «ሀሪኬን ዋች» ከተባለ ብርቱው ነፋስ ሊደርስ 48 ሰዓት ገደማ አለ ማለት ነው፤ ግዢሽን ጨርሺ። «ሀሪኬን ዋርኒንግ» ከተባለ 36 ሰዓት ቀርቷል፤ ያኔ ሱቅ መሄድ የለም።

እንውጣ ወይስ እንቀመጥ ለሚለው፣ እዚህ አገር የአደጋ ሠራተኞች «ከውሃ ሽሹ፣ ከነፋስ ተደበቁ» ይላሉ። ለሂውስተንና ለጋልቨስተን አካባቢ በዚፕ ኮድ፣ ማለትም በፖስታ ቁጥር፣ የተከፋፈለ የመውጫ ካርታ አለ። ባሕሩን ተጠግቶ ያለው «ኮስታል» ይባላል፣ ቀጥሎ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይመጣል። እዚያ ውስጥ ያለ ሰው ውጣ ሲባል ይውጣ። ነፋሱ የሚገፋው የባሕር ውሃ ሲመጣ ፎቅም አያድንም። አሊፍ ግን በከተማው ምዕራብ በኩል ነው፣ ከነዚህ ቀጠናዎች ውስጥ የለም። ሁለተኛ ፎቅ ነሽ። በእኔ ግምት ቦታሽ ቤትሽ ነው።

ወንድምሽ ከመውደዱ የተነሳ ነው ውጡ የሚልሽ። እኔም በ2005 ሪታ የተባለችው ሀሪኬን ስትመጣ እንደሱ ነበርኩ። ካትሪና ኒው ኦርሊንስን ካሰጠመች ወር እንኳ አልሞላም። ጣሪያ ላይ ቆሞ እጁን የሚያውለበልበውን ሰው ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በአንድ ጊዜ መንገድ ወጣ። እኔም ልጄን ይዤ ወጣሁ። አራት ሰዓት የሚፈጀው የዳላስ መንገድ 21 ሰዓት ፈጀብን። ሙቀቱ ወደ 38 ዲግሪ ነበር። ነዳጅ እንዳያልቅብን ኤሲውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ አጥፍተን በመስኮት እንተነፍስ ነበር። ማደያዎቹ ሁሉ ደርቀዋል። ሰው መኪናውን ዳር እየጣለ በእግሩ ይሄዳል። ዳላስ አቅራቢያ አረጋውያን የጫነ አውቶቡስ ተቃጥሎ 23 ሰዎች ሞቱ። ሪታ ግን ወደ ምሥራቅ ዞራ ቴክሳስና ሉዊዚያና ድንበር ላይ ወረደች። በሽሽቱ የሞተው ሰው ማዕበሉ ራሱ ከገደለው ይበልጣል። እኔ ከአረጋውያን ጋር ስለምሠራ ያ አውቶቡስ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። መውጣት የሌለበት ሰው ሲወጣ መውጣት ያለበትን ሰው መንገድ ይዘጋበታል።

ወደ እናትሽ ልምጣ። መድኃኒታቸው ሊያልቅ ሳምንት ከቀረው አትጠብቂ፤ ያኔውኑ ፋርማሲ ሂጂና ማዕበል እየመጣ ነው፣ ቀደም ብላችሁ ሙሉልኝ በያቸው። መብራት ከጠፋ ኢንሱሊኑ ስንት ቀን እንደሚቆይ ፋርማሲስቱን እዚያው ጠይቂ። ብዙው ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ እስከ 28 ቀን ይቆያል፤ ኤሲ የሌለው የሂውስተን ቤት ግን በጁላይ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ትንሽ የበረዶ ሳጥን ያስፈልግሻል። ኢንሱሊኑን በፎጣ ጠቅልለሽ አስቀምጪ፣ በረዶውን በቀጥታ አይንካው። በረዶ ሆኖ ከረጋ ተበላሸ ማለት ነው። ማዕበሉ ሳይደርስ የፕላስቲክ ጠርሙሶችን ውሃ ሞልተሽ ፍሪዘር ውስጥ ደርድሪ። በረዶም ይሆንሻል፣ ሲቀልጥ ይጠጣል። የመጠጥ ውሃ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን፣ ማለትም ወደ አራት ሊትር ነው፤ ቢያንስ ለሦስት ቀን፣ ከተቻለ ለሳምንት። የመታጠቢያ ገንዳውን ደግሞ ለሽንት ቤት የሚሆን ውሃ ሙዪው።

ምግቡ ላይ ብዙ አትጨነቂ። ሰዎች ዳቦና የታሸገ ምግብ ሲሻሙ እኔ የምገዛው በሶ ነው። እሳት አይፈልግም፣ ፍሪጅ አይፈልግም፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። አያቶቻችን ለዘመቻና ለረጅም መንገድ የሰነቁት ሁሉ ለሀሪኬን የተሠራ ይመስለኛል፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። እናትሽ ግን መጥነው ይብሉ፤ መርፌውን ወግተው ምግብ እንዳይዘሉም ተጠንቀቂ። ፍሪጅ መብራት ከጠፋ በኋላ ሳይከፈት አራት ሰዓት ያህል ነው የሚይዘው። ሙሉ ፍሪዘር ሁለት ቀን ይይዛል። እንጀራውን መጀመሪያ ብሉት።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድትሰሚኝ የምፈልገው ይህን ነው። አይክ ሲመጣ ቤታችን 11 ቀን መብራት አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዝናብ ነበር። ቡና አማረኝ። በረንዳ ላይ ከሰል አያያዝኩና ወደ ኩሽና አስገባሁት። ትንኝ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋሁ። ቡናውን ቆላሁ፣ ጀበናውን ጣድኩ። ቶናው ላይ ስንደርስ ልጄ «እማ፣ ራሴን» አለችና ምንጣፉ ላይ ተኛች። እኔም ጉልበቴ ከዳኝ። ድካም መስሎኝ ነበር፤ ሦስት ቀን በደንብ አልተኛንም። ጎረቤቴ የሆንዱራስ ሴት ናት። የቡናው ሽታ ስቧት በሩን አንኳኳች፣ መልስ ስታጣ ከፍታ ገባች። ልጄን ታቅፋ አወጣቻት፣ ተመልሳ እኔን ጎተተችኝ።

ቡናው ሸተተ። የሚገድለው ግን አልሸተተም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። እኛ ከሰል ቤት ውስጥ ሲነድ አይተን ያደግን ሰዎች ነን። አገር ቤትም ስንቱን ጨርሷል፣ ግን ብዙ ጊዜ በሩ ክፍት ነው፣ ግድግዳው ያስተነፍሳል። የእዚህ ቤት ለኤሲ ተብሎ ግጥም ብሎ የተዘጋ ነው። በፌብሩዋሪ 2021 ብርዱ በርትቶ መብራት ሲጠፋ ሂውስተን ውስጥ ብዙ ሰው የተመረዘው እንዲህ ነበር። ከወገኖቻችንም ሐዘን የገባበት ቤት አለ። ከሰል ቤት ውስጥ አይገባም። በጣሪያ በተዘጋ በረንዳም፣ በተከፈተ ጋራዥም አይነድም። መኪና ጋራዥ ውስጥ ተነስቶ ስልክ ቻርጅ አይደረግም። ጄነሬተር ከቤት ቢያንስ ስድስት ሜትር ርቆ፣ ከመስኮትና ከበር ዘወር ብሎ ይቀመጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮኽ፣ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ገዝተሽ እናትሽ የሚተኙበት ክፍል አጠገብ ስቀዪ። ቡና ያማራችሁ እንደሆነ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቃችሁ ደጅ አፍሉ።

አንባቢዎች፣ ይህች እህት ቤቷ ቀረች። ነፋሱ አንድ ዛፍ ጥሎ የመኪና ማቆሚያውን ዘጋው፣ ሌላ ጉዳት አልደረሰባቸውም። መብራት የመጣው ግን በስድስተኛው ቀን ነው። በቤሪል ጊዜ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት አጥቶ ነበር፣ ሰውም በሙቀት ሞቷል። በሁለተኛው ቀን እናትየዋ ላብ በላብ ሆነው መፍዘዝ ሲጀምሩ፣ መብራት ወዳለው ወዳጅ ቤት ወሰደቻቸው። ልክ አደረገች። ከማዕበሉ በፊት «መብራት ከጠፋ እናንተ ጋ እንመጣለን» ብላ ሁለት ሰው ጠይቃ ነበር።

ጥያቄ፦ ኡበር እሠራለሁ። ካቴጎሪ 1 ከሆነ ቀላል ነው ብለው የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ። በዝናቡ ጊዜ ክፍያውም ጥሩ ነው። መንገዱ ላይ ውሃ ቢኖር ምን ያህል ድረስ ይታለፋል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምንም ያህል አይታለፍም። ካቴጎሪ፣ የሀሪኬኑ ደረጃ፣ የሚለካው የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነው፤ ስለ ውሃው የሚናገረው ነገር የለም። በ2017 ሀርቪ ሂውስተንን ሲያሰጥም ነፋሱ ከሀሪኬን ደረጃ ወርዶ ነበር። ኔደርላንድ በምትባለው ከተማ ግን ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ዝናብ ጣለ። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ይበልጣል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ። የሚፈስ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ሰው ይጥላል። 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። 60 ሳንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ሌሊት ፊደሩ ላይ፣ ከሀይዌዩ ጎን ባለው መንገድ፣ ወይም ድልድይ ሥር ያለው ውሃ 20 ይሁን 200 ሳንቲ ሜትር አንተ ማየት አትችልም። ያን ዕለት ቤትህ ዋል። የአንድ ቀን ገቢ ነው የሚቀርብህ።

ጥያቄ፦ ፐርላንድ ቤት ገዝተናል። ኢንሹራንስ አለን። ለጎርፍ ሌላ መግዛት አለብን?

መልስ፦ አዎ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይከፍልም። የመንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከገዛችሁ በኋላ 30 ቀን ካልሞላው አይሠራም፤ ማዕበሉ ቴሌቪዥን ላይ ከታየ በኋላ መሮጥ ዋጋ የለውም። ቤት ሳይኖራችሁ የምትከራዩም ለዕቃችሁ ብቻ መግዛት ትችላላችሁ። ይህን መጽሔት እንዳነበባችሁ ደውሉ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር አስተማሪ ነኝ። የአሜሪካ ሀሪኬን የሚነሳው ከእኛ አገር ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ጥያቄዎ በጣም ደስ አለኝ። ሀሪኬን ሆኖ የሚነሳው ባሕር ላይ ነው፣ ውሃው ቢያንስ 26 ዲግሪ ተኩል ያህል ሲሞቅ። ዘሩ ግን ብዙ ጊዜ ከአፍሪካ ይመጣል። በክረምት በሰሐራ ግለትና ከሱ በስተ ደቡብ ባለው እርጥብ አገር መካከል፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ የከፍታ ነፋስ አለ። ያ ነፋስ እየታጠፈ እንደ ሞገድ ይሄዳል። ተመራማሪዎች የአንዳንዱን ሞገድ መነሻ ሲከተሉ ዳርፉር ተራሮች፣ አልፎም የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ይደርሳሉ፤ የክረምቱ ነጎድጓዳማ ደመና ነው የሚቀሰቅሰው። በዓመት 60 ያህል ሞገድ ያልፋል፣ አብዛኛው ባሕር ላይ ይከስማል። ከብርቱዎቹ የአትላንቲክ ሀሪኬኖች የሚበዙት ግን ከነዚሁ ሞገዶች ናቸው። ቤሪልም ከአፍሪካ በወጣ ሞገድ ነው የተጀመረው። ለተማሪዎችዎ ይንገሩልኝ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። ልጄ ሂውስተን ትኖራለች። ሰኞ ስደውል ስልኳ አይነሳም፣ ማክሰኞም አይነሳም። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። በኋላ ደህና ሆና ተገኘች። ሌላ ጊዜ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አባቴ፣ እንኳን ልጅዎን ደህና አገኟት። መብራት ሲጠፋ የስልክ ማማዎቹም ይዳከማሉ፣ የሰዉም ባትሪ ያልቃል። ጥሪ እምቢ ሲል አጭር የጽሑፍ መልእክት ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ ደጋግመው ከመደወል አንድ መስመር ይጻፉላት፣ ባትሪዋንም አይጨርስባትም። ሰዓቱንም ልብ ይበሉ፤ በዚህ ወቅት ሂውስተን ከአዲስ አበባ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት።

ዋናው ግን አስቀድሞ የሚደረገው ነው። ልጅዎ ከማዕበሉ መንገድ ውጭ፣ ዳላስም ሆነ ዲሲ፣ የምታምነው አንድ ሰው ትምረጥ። ማዕበሉ ሲያልፍ ለዚያ ሰው ብቻ «ደህና ነኝ» ብላ ትጻፍ። እርስዎም፣ እህት ወንድሞቿም፣ ጓደኞቿም የምትደውሉት ለእሱ ይሁን። ዛሬ ስትደውልልዎ ስሙንና ስልኩን ይጠይቋትና ወረቀት ላይ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት።