ሆድ ውስጥ ለሚፈስ ደም፦ ለወጣት ሐኪሞች

ልጆቼ፣ እዚህ ጎጃም ውስጥ ተረኛ ሆናችሁ ለምታድሩት ነው የምጽፈው። ዕድሜዬን የፈጀሁት ራጅ ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ደም ቧንቧ ራጅ፣ አንጂዮግራፊ ስለምንለው፣ የማውቀውን ልንገራችሁ።

አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ብሽሽት ላይ የሚመታውን ደም ወሳጅ በጣት ፈልጎ በመርፌ መውጋት፣ ሽቦ ማስገባት፣ መርፌውን አውጥቶ ካቴተሩን፣ ቀጭኑን ቱቦ፣ በሽቦው ላይ ማሳለፍ። ስዊድናዊው ሴልዲንገር እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ዘዴ ነው፣ ዛሬም የምንሠራው በእሱ ነው። ከዚያ ወደ ጉበት፣ ጣፊያና አንጀት የሚሄዱትን ቧንቧዎች እየመረጡ በራጅ የሚታይ፣ አዮዲን ያለበት መድኃኒት መርጨትና ማንሳት ነው።

አደራ የምላችሁ ግን ይህን ነው፦ ራጁ የሚያሳየው በዚያች ሰዓት የሚፈሰውን ደም ብቻ ነው። በደቂቃ ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ከፈሰሰ መድኃኒቱ ከቧንቧው ወጥቶ አንጀት ውስጥ ሲጠራቀም ታያላችሁ። ደሙ ለጊዜው ካቆመ ምንም አታዩም። የአንጀት ደም ደግሞ መለስ ቀለስ ይላል! ስለዚህ «ንጹሕ ነው» የሚል ውጤት ስለመጣ ብቻ ሰውዬውን ወደ ቤቱ አትሸኙት። ከሞጣም ከቡሬም ሪፈር ስትጽፉ ደም መጨረሻ የታየበትን ሰዓት ጻፉልን፣ እባካችሁ። ለእኛ ከረጅም ታሪክ ይልቅ እሷ ትጠቅመናለች።

ጉዳት ላይ ነገሩ ይለያል። በአዊ በኩል ፈረስ ሆዱን የረገጠው ሰው ሲመጣ ቆዳው ላይ ሰንበር እንኳ ላይኖር ይችላል፣ ጣፊያው ግን ተሰንጥቆ ይሆናል። አልትራሳውንዱ ደም ካሳየና የደም ግፊቱ ደምና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ተሰጥቶትም እየወረደ ከሆነ በቀጥታ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቡት። ግፊቱ ከተረጋጋ ሲቲ ስካን ይነሳ። ሲቲው የሚደማ ቧንቧ ካሳየ ያኔ የካቴተር ተራ ነው፤ ቧንቧውን እዚያው በጥቅል ሽቦ ዘግቶ ጣፊያውን ሊያተርፍ ይችላል።

ዕጢን ለመለየት ዛሬ ሲቲና ኤምአርአይ ይበቃሉ። ምክንያቱን ግን እወቁት። ጤነኛ ጉበት አብዛኛውን ደሙን የሚያገኘው ከአንጀት ከሚመጣው ደም መላሽ ነው፣ የጉበት ካንሰር ግን በዋናነት ከደም ወሳጁ ይመገባል፤ መድኃኒቱ ሲረጭ ቀድሞ የሚደምቀውም ለዚህ ነው። በዚያው መንገድ ካቴተር አስገብቶ ኬሞ፣ የካንሰር መድኃኒት፣ መስጠትም ይቻላል።

ከመሥራታችሁ በፊት ክሬቲኒን፣ የኩላሊቱን ምርመራ፣ እዩ፣ አለርጂ ጠይቁ። ካቴተሩ ሲወጣ ብሽሽቱን በእጃችሁ ተጫኑት፣ ለ15 ደቂቃ ያህል፣ አትቸኩሉ። ከዚያ በኋላ ሰዎቻችን ጋቢያቸውን እስከ አንገት ተከናንበው ይተኛሉ፤ እናንተ ገልጣችሁ እዩ፣ እብጠት ካለ ከጋቢው ሥር ነው የሚያድገው። የእግሩን ትርታ ዳስሱ። ታማሚው «ወገቤን» ካላችሁም መተኛት ሰልችቶት ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ደሙ ከሆድ በስተኋላ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ግፊቱን ለኩ።